ከካባው የተረፈው ጨርቅ

አማቴን በሰፈሩ በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ «መርፌ» ነው የሚሏቸው። ቀጭን ናቸው፣ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ምላሳቸውም ይወጋል። እሳቸውም ሰምተው ዝም አይሉም፤ «መርፌ ይወጋል፤ የተቀደደውን የሚጠግነውስ ማን ሆነና!» ይላሉ።

ልብስ ሰፊ ናቸው። የፊተኛው ክፍላቸው ሱቅም ሳሎንም ነው። ከመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው፣ ከጎኑ የተማሪ ዩኒፎርም ክምር፣ ከክምሩ አጠገብ ደግሞ ባለመደገፊያ ወንበር ላይ አባባ። አባባ የባሌ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ ማግስት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸውን ወሰደው፤ ንግግራቸውንም ጠቅልሎ ወሰደና አንዲት ቃል ብቻ ተወላቸው፤ «እሺ»። በደህናው ጊዜ ትራፊክ ፖሊስን እንኳ እሺ ብለው የማያውቁ ሰው! አማቴ በዚያ ሰሞን «ትዳራችንን ሙሉ ስለምንህ የነፈግከኝን ቃል ይኸው በጅምላ ሰጠኸኝ» እያሉ ይስቁ ነበር፤ ሲስቁ ግን እንባቸው ይቀድም ነበር።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንሄዳለን። ባሌ ሙዝ ይገዛል፣ እኔ ልጄን አዝላለሁ። አባባ ጢማቸው ተላጭቶ፣ ጥፍራቸው ተቆርጦ፣ የሸሚዛቸው ኮሌታ ተተኩሶ ይጠብቁናል። ባሌ ዙሪያውን ያይና «እማ፣ አንቺ እኮ ቅድስት ነሽ!» ይላል። ከዚያ ምሳውን ይበላል፤ ከዚያ እንሄዳለን። እኔም እንደሱ ነበርኩ። አመስግነን ስንወጣ ዕዳችንን የከፈልን ይመስለን ነበር።

አንድ እሁድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ካህን አባ ስለ ቤተሰብ ሰበኩ። «ቤተሰብ የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን ናት» አሉ፤ «እግዚአብሔርን መውደድ የምንማረው በእናታችን እጅ ስንታጠብ ነው፤ የምናስመሰክረው ደግሞ እኛ በተራችን ስናጥብ ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ያልገባችሁ የመርፌን ቤት ሄዳችሁ እዩ።» በቅጽል ስማቸው ስለጠሯቸው ሰው ሁሉ ፈገግ አለ። እኔም ኮርቼ ዞር ብዬ አየኋቸው። አማቴ ወለሉን ያያሉ። ጣቶቻቸው የቀሚሳቸውን ጠርዝ ይዘው፣ ስፌት እንደሚተረትር ሰው ይቆነጥሩታል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መቁረብ አቆሙ። ድሮ ከሰልፉ ፊት የማይጠፉት ሴት ከበሩ አጠገብ የመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ሰው ሁሉ ለቁርባን ሲነሣ እሳቸው ጉልበታቸውን ሰብሰብ አድርገው ያሳልፉታል።

«እማማ፣ አሞዎት ነው?» አልኳቸው።

«ጉልበቴን ነው።»

ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና የሚረግጥ ጉልበት! ግን ምን ልበል? አማት ናቸው።

ነገሩ የተገለጠልኝ በሥራ ቀን ነው። ልጄን ለክትባት ጤና ጣቢያ ወስጃት ስመለስ፣ መንገዴ በእነሱ በር ስለሆነ ጎራ አልኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ የመኪናው ድምፅ የለም። ገባሁ። አባባ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ብቻቸውን። ግራ እጃቸው ወደ ኋላ ዞሮ፣ ከኋላ ኪሱ የሆነ ነገር እንደጠፋበት ሰው ከወንበሩ ጀርባ ይዳብሳል። አይደርስም። እንደገና ይዳብሳል።

ጠጋ ብዬ አየሁ። ከወገባቸው ከወንበሩ ጋር ታስረዋል።

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። መጀመሪያ የተናደድኩ መስሎኝ ነበር፤ ማሰሪያውን ስነካው ግን ንዴቱ ግራ ገባው። ወይን ጠጅ ጨርቅ ነው፤ ለጾም ወራት ለአባ ካባ ከሰፉበት የተረፈ። በውስጡ ጥጥ ተደርጓል፣ ገላ የሚነካው በኩል ለስላሳ ገበር አለው፣ ጠርዙ በድርብ ስፌት ተይዟል። እንዳይፈትጋቸው፣ እንዳያቆስላቸው ታስቦ የተሰፋ ነው። ከኋላ ቀጭ የሚል የቦርሳ ዘለበት አለው፤ ደህናው እጃቸው የማይደርስበት ቦታ ላይ። እንዲህ ያማረ ማሰሪያ አይቼ አላውቅም፤ ባላይም በወደድኩ።

ዘለበቱን ከፈትኩት። አባባ ቀና ብለው አዩኝና «እሺ» አሉ።

አማቴ በዚያው ቅጽበት ክር ይዘው ገቡ። እኔን አዩ፣ የተፈታውን አዩ፣ ክሩን ጠረጴዛው ላይ በዝግታ አስቀመጡት።

«ክር አልቆብኝ ነው» አሉ። «ማዶ ድረስ ነው።»

«ሁልጊዜ ነው?»

«ስወጣ። ስረግጥም። ዓይኔ መርፌው ላይ ሆኖ አንድ ቀን በግንባሩ ወደቀ። ቁም ሳጥኑ መታው ያልኳችሁ ያን ቀን ነው። ቁም ሳጥኑ ምን አደረገ? አንድ ቦታ ቆሞ የሚውል እንጨት!»

ማሰሪያውን አገላብጬ አየሁት። ማገላበጤ ነገር ሆነባቸው መሰለኝ፣ ጀርባዬ ላይ የተኛችውን ልጄን በአገጫቸው አመለከቱ።

«አንቺስ አስረሽ አይደል የምትውይ?»

«እኔ ካሰርኳት ጋር አብሬ ነው የምሄደው» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ልመልሰው ብል የት አገኘዋለሁ? መርፌ የሚሏቸውን ሴት ወጋኋቸው። የዩኒፎርሙ ክምር ላይ ዝርግፍ ብለው ተቀመጡ። እጃቸው ብቻ ሳይታዘዝ አንዱን እጅጌ ያጥፍ ጀመር።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል» አሉ። «እኔ ብቻዬን አሰርኩት። አንበሳዬን።»

«ለአባ ነግረው አያውቁም?»

«ምን ብዬ? ኑዛዜ እኮ ሁለተኛ አላደርገውም ማለት አለበት። ዛሬ ተናዝዤ ነገ ጠዋት አስረዋለሁ። ካልረገጥኩ አንበላም፣ ከረገጥኩ አላየውም። እግዜርን አፍጥጬ ልዋሸው? ይኸው በደጁ ቁጭ እላለሁ፤ ውሸታም ከምሆን ቁርባን ልራብ።» ወዲያው ደግሞ ድምፃቸው ወረደ። «እሳቸው ከመሠዊያው ላይ ሆነው ሂዱና እዩ ሲሉ፣ እኔ ያየሁት ይህን ዘለበት ነው።»

ይቅርታ ልላቸው አስቤ ነበር፤ ውኃ ላሞቅ ተነሣሁ። አባባን አጥበን ልብሳቸውን ቀይረን፣ ያንን ሁሉ ስንሠራ ስለ ውኃው ሙቀት ብቻ አወራን።

በአውቶቡስ ወደ ቤቴ ስሄድ ቃላቸው ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ብቻዬን አሰርኩት። ብቻቸውን ያደረጋቸው ማን ነው? እኔም በዚያው መሠዊያ ፊት «በጤናም በሕመምም» ብያለሁ፤ ወጣት ሆኜ፣ አበባ ይዤ፣ ስለ ሕመም ምን አውቄ! ያ ቃል የሁለት ሰዎች ብቻ ነው ብለን ሁለቱን ከነቃላቸው ቤት ዘግተንባቸው፣ እኛ በመስኮት እያየን እናጨበጭባለን። ቅድስት ነሽ ማለት ለካ «አታስቸግሪን» ማለትም ይሆናል።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጄን ይዤ ተመለስኩ።

«ይሂዱ» አልኳቸው። «አባ አሁን ያናዝዛሉ።»

«እና ሰኞ ማን ይጠብቀዋል? መልአክ ቀጥረሻል?»

«መልአክ ውድ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ እኔ እመጣለሁ። ልጄ እዚህም ታለቅሳለች እዚያም ታለቅሳለች፣ ለሷ ልዩነት የለውም።»

«ሌላው ቀንስ?»

«ሌላውን አላውቅም። እሱንም ለአባ ይንገሯቸው።»

አጉረመረሙ። ነጠላ ጫማቸውን ቀይረው፣ በር ላይ ደርሰው ተመልሰው የአባባን ትራስ አስተካከሉ፣ እንደገና ወጡ። ሲመለሱ ፊታቸው ቀልቷል። የተቆጡ መሰለኝ።

«ምነው፣ አልተቀበሉዎትም?»

«ተቀብለውኛል።» መቀሳቸውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡ። «መቁጠሪያውን ሰላሳ ጊዜ ድገሚ ቢሉኝ በደስታ! ውኃና ዳቦ ጹሚ ቢሉኝ እሰየው! ንስሐሽ ሰው መለመን ነው አሉኝ። ልጄን ፊት ለፊት አስቀምጬ፣ አልቻልኩም፣ እርዳኝ ልል። አየሽ ጭካኔ! የሰው ፊት እሳት ነው፤ የልጅ ፊት ደግሞ ፍም ነው።»

በማግሥቱ እሁድ ባሌ እንደ ልማዱ ሙዙን ጠረጴዛ ላይ አሳረፈ። «እማ፣ አንቺ እኮ…» ብሎ ሲጀምር እናቱ መሳቢያ ከፍተው ማሰሪያውን ከሙዙ አጠገብ ዘረጉት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«አባትህን የማስርበት ነው።»

ባሌ ጨርቁን በጣቱ ዳሰሰው። ሊስቅ ፈልጎ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አላየህም?» አሉ፤ ወዲያው ግን ንስሐቸው ትዝ አላቸው መሰለኝ ምላሳቸውን ነክሰው እንደገና ጀመሩ። «ልጄ፣ አልቻልኩም። እርዳኝ።»

አማቴ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ አጭር ነገር ተናግረው አያውቁም። አባባ ከወንበራቸው «እሺ» አሉ። የሳቀ የለም። ባሌ መጋዘን ነው የሚሠራው፤ ሰኞ ዕረፍቱ ነው። ጃኬቱን አወለቀና ወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቀለው፤ መሄጃ ሰዓታችን እስኪያልፍ ድረስም መልሶ አልለበሰውም።

ሰኞ ላይ የአባቱን ጢም ሊላጭ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። የአባቱን ፊት መንካት ፈራ፤ እንደ እንግዳ ሰው «ይቅርታ አባባ፣ ይቅርታ» ይላል። ምላጩን ሊያጥብ ዘወር ባለበት ቅጽበት አባባ ተንሸራተቱ። ዘልሎ በሸሚዛቸው ያዛቸው፤ አንድ ቁልፍ ተበጥሶ መኪናው ሥር ተንከባለለ። ባሌ አመድ መሰለ። አባቱን አቅፎ እንደያዘ፣ ወደ እናቱ ሳያይ፣ በቀስታ ጠየቀ፤

«ያ ማሰሪያ የት ነው?»

አማቴ እግራቸውን ከመርገጫው አነሡ። አሁን አንድ ቃል ይወጉታል ብዬ ጠበቅኩ፤ ይገባውም ነበር። አልወጉትም። መሳቢያቸውን ከፈቱ።

«አጥቤዋለሁ» አሉ። «ከኋላ የነበረውን ዘለበት ተርትሬ ወደ ፊት አምጥቼዋለሁ። በግራ እጁ በኩል። ቀድሞም እዚህ ነበር መስፋት የነበረብኝ። ያኔ እንዳይወድቅ ብቻ ነበር ያሰብኩት፤ እሱ ምን ይላል ብዬ አላሰብኩም።»

ከወንበሩ ጀርባ አዙረው ሁለቱን ጫፍ አባባ ጭን ላይ አደረጉላቸውና እጃቸውን ሰበሰቡ። አላሰሩትም። አባባ ማሰሪያውን አዩት። ግራ እጃቸው ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ፣ ጫፉን አገኘ፣ ሳተ፣ እንደገና አገኘ። ቀጭ። ከዚያ ጫን አሉትና ከፈቱት። ከዚያ ዘጉት። በመጨረሻ ቀና ብለው በመስኮቱ ወደ መንገዱ ተመለከቱ፤ ሞተር አስነሥቶ ተሳፋሪ እንደሚጠብቅ ሰው።

«እሺ» አሉ።

«ደግሞ ወዴት ልትነዳን ነው?» አሉ አማቴ፤ ፊታቸውን ወደ መኪናቸው አዞሩ። ግን ለረጅም ጊዜ አልረገጡም።

በሚቀጥለው እሁድ ባሌ ከአባቱ ጋር ቤት ቀረ። ሰው ለቁርባን ሲነሣ ከመጨረሻው ወንበር አማቴም ተነሡ። እንደ ድሮው ወደ ፊት አልሄዱም፤ የሰልፉ ጭራ ላይ፣ ከእኔ ኋላ ቆሙ። ልጄ ጀርባዬ ላይ ተኝታለች። የዚያን ቀን የተናገርኳቸውን ክፉ ቃል እስካሁን ይቅር በሉኝ አላልኳቸውም፤ እዚያም ሰልፉ ላይ ሆኜ ዞር ልል እያልኩ አፈርኩ።

«ላልቷል» አሉኝ በሹክሹክታ። የማዘያውን ጫፍ ከኋላዬ ይዘው፣ እንዳያጠብቁባት በጣታቸው እየለኩ፣ ደህና አድርገው አሰሩልኝ።