ማንጎ ስር የተተከለው ማሽኔ

ማሽኔ ዛሬ በራሱ ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆመ። መብራት አለ፤ ማንም አልነካውም።

ለማታውቁ፣ በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። የአሶሳ ሙቀት አላስቀምጥ ሲለኝ ግቢው ውስጥ ማንጎው ጥላ ስር ተከልኩት። ዛሬ ለአከራዬ ለእማማ ሐዋ ልጅ የሠርግ አልጋ ራስጌ እየቀረጸ ነበር።

ሽቦውን ሁሉ ፈትቼ መልሼ አሰርኩ። ትንሽ ሠራና እንደገና ቀጥ!

እማማ ሐዋ ከበረንዳቸው "ኡስታዝ፣ ማንጎ መታው፣ ቆመ" አሉኝ።

ለካስ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ሳፈጥ፣ የበሰለው ማንጎ ቀዩ የአደጋ ማቆሚያ ቁልፍ ላይ ዱብ እያለ ነው። ማስረጃውን ደግሞ የግቢው ፍየል ከሥር ከሥር ትበላዋለች።

ኡስታዝ የሚሉኝ የፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ ነው። ስለ መሬት ስበት ዛሬ ምንም እንዳትጠይቁኝ።

ቁልፉን ነቅዬ በበረንዳው በኩል ወዳለው ጎን አዛወርኩትና ቀጠልኩ። ብዙም ሳይቆይ ስለቱ እንጨቱን ጠፍሮ ወደያዘው ብረት መገስገስ ጀመረ። ራስጌው ሊበላሽ ነው! እኔ በድንጋጤ ቁልፉ ድሮ የነበረበትን ባዶ ቦታ በጥፊ እመታለሁ።

ዱብ! ማሽኑ ቆመ።

ዞር ስል እማማ ሐዋ በረንዳቸው ላይ፣ ለሁለተኛ ውርወራ ሌላ ማንጎ በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ፍየል ሲያባርሩም ስተው አያውቁ።

"ኡስታዝ፣ ይሄ በእጅ አይቆምም" አሉኝ በሐዘኔታ። "በማንጎ ነው።"

እናንተንስ በገዛ እጃችሁ የሠራችሁት ነገር እንዲህ አዋርዷችሁ ያውቃል? ወርወር አድርጉልኝ፤ ማንጎ ብቻ አይሁን።