የጋሽ ጭራ ዓይን

በምርምር ተቋሙ ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ደመወዝ ከፋዮቹ ብቻ ነበሩ። ለሌላው ሰው ሁሉ ጋሽ ጭራ ነው። ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው፤ በነጭ አይጥ ጭራ ላይ ያለችውን ክር የምታህል ደም ሥር በመርፌ አግኝቶ መድኃኒት የሚያስገባ ሰው ሲፈለግ የሚጠራው እሱ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ስሙ ያናድደው ነበር፤ ኋላ ለመደው፤ እያደር ደግሞ ኮራበት።

«ዶክተር መባል በትምህርት ይገኛል፤ ጭራ መባል ግን በእጅ ነው» ይል ነበር ደረቱን ነፍቶ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አይጧን ጠባብ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያስገባታል፤ ጭራዋ ብቻ ውጭ ይቀራል። ጭራውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሲያቆየው ደም ሥሩ ይከፈታል። ከዚያ «አይዞሽ እናቴ፣ ቆንጠጥ ብቻ ነው» ይላትና መርፌውን አጋድሞ ይሰዳል። መድኃኒቱ እጁን ሳይከብደው ከሄደ ገብቷል። ከከበደውና ከቆዳው ሥር ነጭ እብጠት ብቅ ካለ ግን ስቷል፤ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ሳይገባ እዚያው ቀርቷል ማለት ነው።

የዚያ ዓመቱ መድኃኒት ወተት መሳይ ፈሳሽ ነበር። የምርምሩ ኃላፊ በዕድሜ የጋሽ ጭራን የመጨረሻ ልጅ የምታክል ዶክተር ናት። ነገሩን ስታስረዳው እንዲህ አለችው፦

«ጋሼ፣ ይሄ ሊፖሶም ይባላል። በዓይን የማይታይ የስብ ከረጢት ነው ይበሉት። ሆዱ ውስጥ ቦሮን የሚባል ንጥረ ነገር ይዟል። የካንሰር ዕጢ ደም ሥሮች ደግሞ የጥድፊያ ሥራ ስለሆኑ ያፈሳሉ። ከረጢቱ በዚያ ሾልኮ ዕጢው ውስጥ ይከማቻል። በማግሥቱ የኒውትሮን ጨረር እንለቅበታለን።»

«ጨረሩ ነው ካንሰሩን የሚገድለው?»

«ብቻውን ብዙም አይጎዳውም። ቦሮኑም ብቻውን ምንም አያደርግ። ሲገናኙ ግን…»

«እሳትና ጭድ።»

«አዎ፣ እሳትና ጭድ! ያውም እሳቱ ቦሮኑ ካለባት ሕዋስ ብዙም አይርቅም፤ ጎረቤት አያቃጥልም።»

«እንዲህ ያለውን እሳት ነበር ሰፈራችን የሚፈልገው» አለ ጋሽ ጭራ።

ጨረሩን የሚለቀው ማሽን ያለው ማዶ ካለው ሕንጻ ነው፤ ስንት ተመራማሪ ይጋፋበታልና ተራ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። ተራው ሲደርስ የካንሰር ዕጢ ያለባቸው አይጦች ከዋዜማው መድኃኒቱን ወስደው መጠበቅ አለባቸው። ይሄ ሁሉ የቆመው በጋሽ ጭራ እጅ ላይ ነበር።

በእጁ ላይ እንጂ በዓይኑ ላይ ቢቆም ኖሮ ድሮ በፈረሰ። ዓይኑ ከከዳው ሰንበትበት ብሏል። ጋዜጣ ሲያነብ ክንዱ እስከሚዘረጋለት ያርቀዋል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷም እንደ መርፌዋ ነው።

«ክንድህ አልበቃህም እኮ። ጎረቤት ይያዝልህ?»

«ጽሑፉን አሳንሰውት ነው።»

«መነጽር ግዛ።»

«መነጽር የሽማግሌ ነው።»

«አንተስ ምንድን ነህ?»

«እኔማ ገና ጡረታ አልወጣሁም!»

እውነቱን ለመናገር፣ ሰውዬው የፈራው እርጅናን ብቻ አልነበረም። ዓይኑ መድከሙ ከተሰማ መርፌውን ቀምተው የአይጥ ጎጆ ማጠብ ላይ ይመድቡኛል ብሎ ነው። ጋሽ ጭራ ከመባል ወደ ጋሽ ሳሙና መውረድ ለእሱ ሞት ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ በጣቱ እየዳበሰ ይወጋ ነበር።

ተራቸው ሊደርስ በዋዜማው አይጦቹን አንድ በአንድ ወጋ፤ እጁ ቀለለው። የመጨረሻዋ ላይ ሲደርስ ግን መርፌው ከበደው፤ ቆይቶ ድንገት ለቀቀ። ጎንበስ ብሎ አየ። ጭራው ነጭ፣ መድኃኒቱ ነጭ፣ መብራቱ ነጭ።

«ጋሼ፣ ገባ?» አለች ዶክተሯ ከወዲያ ማዶ።

«ገባ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እሱ «ገባ» ያለውን ደግሞ ማንም አይጠራጠርም።

አመሻሽ ላይ ቤቱ ገብቶ ራቱን ቢያቀርቡለት አልበላ አለው።

«ምነው፣ አይጥ ነከሰህ?» አለች ሚስቱ።

ነገሩን አጫወታት።

«ታዲያ አንዲት አይጥ ምን ታመጣለች?»

«ዕጢዋ አይሟሽሽማ! ዕጢዋ ካልሟሸሸ መድኃኒቱ አልሠራም ይባላል። መድኃኒቱ ደግሞ አልደረሳት ይሆናል። ስንት ሰው የለፋበትን ነገር በእኔ አንዲት ቃል በሐሰት መመስከር ነው።»

«ንገራቸዋ።»

«ብነግራቸው ስለ ዓይኔ ይጠይቁኛል።»

«ዓይንህ ምን ሆነ?» አለች ምንም እንደማያውቅ ሰው።

ጋሽ ጭራ ራቱን ትቶ አልጋው ላይ ወጣ።

ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ማሽኑ ቤት በር ላይ ቆመ። ዶክተሯ አይጦቹን አስይዛ ስትመጣ መንገድ ዘጋባት።

«የመጨረሻዋን አታስገቢያት።»

«ለምን?»

«ገባ ያልኩሽ ሳላይ ነው። ዓይኔ ቅርብ ያለ ነገር አያይም፤ ከቆየም ቆይቷል። ይኸው ነው።» ይህን ሲል ቀጥ ብሎ ነበር የቆመው፣ ሹመት እንደሚቀበል ሰው።

ዶክተሯ የአይጧን ጭራ በጣቷ ዳሰሰች። ጠጠር የመሰለ እብጠት አገኘች። ፊቷ ቀላ።

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ ለእጄ ቀለውኛል። አንቺ ግን እጄን አትመኚ፤ ደማቸውን አስመርምሪ።»

ያችን አይጥ ከተራ አወጧት። የሌሎቹ ደም ሲመረመር አንዲቱ የቦሮን መጠኗ ጎድሎ ተገኘና እሷም ከውጤቱ ወጣች። የቀሩት ደህና ነበሩ። ከሳምንታት በኋላ የእነሱ ዕጢ ሲያንስ ታየ። ዶክተሯ ግን «ገና ነው፤ አይጥ ሰው አይደለችም» ብላ የሁሉንም ደስታ አቀዘቀዘች።

ለጋሽ ጭራ ፍርዱን የሰጠችው ግን በዚያው ጠዋት ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ መርፌ አይነኩም።»

ጋሽ ጭራ የሥራ ጓንቱን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት።

«መነጽር እስኪያደርጉ ድረስ። ከዚያ እንደ ማንኛውም ጀማሪ በመለማመጃው የላስቲክ ጭራ ይፈተናሉ።»

«በላስቲክ? እኔ? ላስቲኩን ለጀማሪዎች ያስገዛሁት እኔ ነኝ እኮ!»

«ጥሩ፣ የት እንደተቀመጠ ያውቁታላ።»

መነጽሩን ባደረገ ቀን ተፈተነ። መጀመሪያ ሳተ፤ መነጽሩ ሁሉን ነገር አፍንጫው ሥር አምጥቶ ሲደቅንበት ርቀቱ ጠፋው። ሁለተኛም ሳተ። ዶክተሯ ክንዷን አጣምራ ጠበቀች እንጂ አላገዘችውም። ላቡን ጠርጎ እንደገና ሞከረ፤ ገባ። ደግሞ ደጋግሞ ገባ።

«ሰኞ ይጀምራሉ» አለችው።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች።

«እህስ?»

«አለፍኩ» አለና፣ እንዳይታይበት ከኪሱ ከትቶት የነበረውን መነጽር አውጥቶ ሰካው። ለረጅም ጊዜ አፍጥጦ ተመለከታት።

«እንዴ! አንቺ፣ መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?»

«አንተ አይጥ ስትወጋ ነዋ!»