የቡሎ ገብስ

ልብስ ሰፊው ነመራ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሲረግጥ ይውላል፤ የትም ግን አይደርስም። ነቀምቴ ገበያ ዳር ከቆርቆሮ በረንዳው ሥር ተቀምጦ የስፌት መኪናውን ይረግጣል፣ መንኮራኩሩ ይዞራል፣ መርፌዋ ትሮጣለች፤ እሱ ማታም ያችው የጠዋቷ በርጩማ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሞተር ብስክሌት እጁ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቡት። ዘመኑ ደግሞ የንጉሡ ዘመን ነው፤ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ሲመጣ አቧራውን ለማየት ብቻ ሰው ከቤቱ የሚወጣበት።

በከተማው ውስጥ ሞተር ያሳበዳቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ነመራ፣ ሁለተኛው ከጉራጌ አገር መጥቶ ጨውና ላምባ የሚሸጠው ጎረቤቱ ወልደዮሐንስ። እሑድ እሑድ ከጸሎት መልስ፣ የክት ልብሳቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ ሜዳ ፈልገው ይሽቀዳደማሉ። ከሽቅድምድሙ እኩል የሚጥማቸው ታዲያ ሜዳ መምረጡ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ይከራከሩበታል። ሜዳ ሰፊ መሆን አለበት፣ ከብት የማይበዛበት፣ ሣሩ ድንጋይ የማይደብቅ፣ መታጠፊያው ላይ ጭቃ የሌለው። ወልደዮሐንስ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ የነመራ በረንዳ ላይ ይቀመጥና ይጀምራል።

«ነመራዬ፣ የፊታችን እሑድ የት ነን?»

«አንገር ብንወርድስ?» አለ ነመራ ክር በጥርሱ እየቆረጠ።

«አንገር አልሄድም። አዋልደጌሳ የሚሉት አውሬ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ከገባሁ ወዲህ በአንድ ጎኔ ነው የምተኛው።»

«እሺ፣ ስሬ።»

«የስሬው ሜዳ የሸክላ ገበያ ነው። ሴቶቹ ያን ዕለት እንዴት እንዳሳደዱን ረሳኸው? እኔ እኮ ማሰሮ ነው የተወረወረብኝ።»

«አርጆ?»

«አርጆ ዳገት ነው። እዚያ ሞተሩ እኛን አይሸከምም፣ እኛ ነን የምንሸከመው። የአውሮፕላኑ ሜዳ እንዳትለኝ ደግሞ፤ ዘበኛው ከብት የሚያባርርበትን አለንጋ ለኔም አቅምሶኛል።» ወልደዮሐንስ በርጩማውን አስጠጋ። «የቀረን ጊምቢ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ እንደ ጠረጴዛ ነው ይላሉ። ሣሩ አጭር፣ መሬቱ ጠጣር።»

«ጊምቢ አይሆንም።»

«ለምን?»

«ይዘንባል።»

«እዚህስ የሚወርደው ምንድን ነው? ዱቄት ነው?»

ነመራ መኪናውን መርገጥ ጀመረ። ወልደዮሐንስ ግን እንዲህ በዋዛ የሚለቅ ሰው አይደለም።

«አንተ ሰውዬ፣ ወደ ምሥራቅ ስልህ እሺ፣ ወደ ደቡብ ስልህ እሺ። ወደ ምዕራብ ሲሆን ዲጋን ማለፍ አትወድም። እዚያ ማዶ ሴት አለችህ እንዴ?»

«ቀስ በል፣ ሎሚ ትሰማሃለች።»

«ሰምቻለሁ» አለች ሚስቱ ሎሚ ከጓዳ። «ሴት ብትሆን ኖሮ ባልከፋኝ።»

ሎሚ ታውቅ ነበር። ዲጋ ማዶ ያለው ፈረስ ነው።

የነመራ አባት ኦቦ ዳዲ ዲጋ ይኖራሉ። በስማቸው የሚጠራቸው ግን ማንም የለም። ወለጋ ውስጥ ስመ ጥር ፈረሰኛ በፈረሱ ስም ነው የሚጠራው፤ የሳቸው ፈረስ በቡላ መልኩ ቡሎ ይባላልና እሳቸው አባ ቡሎ ናቸው። ሽማግሌ ሲሰበሰብ አባ ቡሎ ይቀመጡ ይባላል፣ ለቅሶ ቤት አባ ቡሎ መጡ ይባላል። ጉልበታቸው ከድቷቸው ከበራፍ መራቅ ሲያቅታቸው፣ ፈረስ ሳይጋለብ ከቆመ ይበላሻል ብለው ቡሎን ነቀምቴ ላለው ልጃቸው ሰጡት። «ያንተ አይደለም፤ እየጋለብክ አቆይልኝ» ነበር ያሉት።

ነመራም አቆየው፤ የጊምቢው ቡና ነጋዴ አቶ ታፋ ሞተር ብስክሌት እየገፋ ነቀምቴ ገበያ እስከመጣበት ቀን ድረስ። ታፋ ከሞተሩ ወድቆ ሚስቱ ሁለተኛ እንዳትወጣበት ብላዋለች። ነመራ አንዴ ልሞክረው አለ። በገበያው ዙሪያ ዞሮ ሲመለስ ዓይኑ በንፋስ እንባ አቅርሯል፣ አፉ አልገጠም ብሏል። ታፋ የቡሎን አንገት እየደባበሰ ይጠብቀው ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ቶሎ ነው የሆነው፤ ፈረስ ሄደ፣ ሞተር ቀረ። ነመራ ራሱን ያጽናናበት አንድ ነገር ነበረው፤ ታፋ ካባ ለባሽ የተከበረ ሰው ነው፣ ቡሎን ለክት ይጋልበዋል፣ ፈረሱም ክብሩ አይጓደልበትም ብሎ አሰበ። አስቦም ዝም አለ።

ዝምታው ግን አላዋጣውም። አባቱን ለመጠየቅ በእግሩ እየሄደ፣ ቡሎ ሰኮናው አሞታል አለ። አባ ቡሎ ጨው በሞቀ ውሃ ነክረህ እጠብለት አሉት። በሌላ ጊዜ ሣር ላይ ለቅቄዋለሁ አለ። እሳቸውም ሣር ብቻውን ጉልበት አይሆንም ብለው፣ በየገበያው ቀን ከራሳቸው እህል ቀንሰው ለቡሎ ገብስ ይልኩ ጀመር። ገብሱን ተሸክማ የምትመጣው ታላቅ እህቱ ድርቤ ነበረች።

ነመራ ገብሱን የጓዳው ጥግ አስቀምጦ አልነካም አለ። ሲከማች ግን ነቀዝ ታየበት። ሎሚ አንድ ቀን አንስታ ቆላችው፣ አስፈጭታ በቅቤ ለወሰችው፣ ጭኮ አድርጋ አቀረበችለት።

«ከየት መጣ?» አለ ነመራ፣ እያወቀ።

«ፈረሱ የለ። ገብሱ ይበስብስ?»

ነመራ ቆረሰና አፉ ውስጥ አገላበጠው። ጭኮ ይወዳል። የዚያን ቀኑም እጅግ ጣፋጭ ነበር፤ ይኸው ነበር ክፋቱ። ቢመረው ኖሮ ይተፋው ነበር። በላው፤ ከዚያ በኋላም በየሳምንቱ በላው። መንገድ ላይ ሰው አቁሞ «አባ ቡሎ ደህና ናቸው?» ባለው ቁጥር ያ ጭኮ ጉሮሮው ላይ እንደገና ይመጣበታል።

እንግዲህ ስለ ሜዳው በተከራከሩ ማግስት ድርቤ መጣች። ገብሱን ከትከሻዋ አወረደችና ላቧን በነጠላዋ ጠረገች።

«አባባ መልእክት ልከዋል። ለመስቀል ቡሎን ይዘህ ትመጣለህ። ደግፋችሁ አውጡኝ፣ አንዴ ልቀመጥበት፣ ከሜዳው ዳር ሆኜ ጉግሱን ልይ፤ ከዚያ በኋላ ብሞትም አይቆጨኝም ብለዋል።»

ነመራ መርፌ ላይ ክር ሊያስገባ ሞከረ፤ አልገባለትም።

«ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ፈረሱን ልየውና ልሂድ። ከሣር መች ነው የሚገባው?»

«ሩቅ ነው ያለው» አለ ነመራ። ከብዙ ጊዜ ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር።

ድርቤ እንደሄደች ነመራ ወልደዮሐንስ ሱቅ ደጃፍ ቆመ። «ጊምቢ እንሄዳለን» አለው።

«ዝናቡስ?»

«ይዝነብ።»

ወልደዮሐንስን ደስታው ሱቁን አስዘጋው። ለመስቀል ጥቂት ቀናት ሲቀሩ በማለዳ ተነሡ። ዲጋ ሊደርሱ ሲሉ ነመራ ሞተሩን አጠፋ። ቁልቁለቱን ያለ ድምፅ ወረደ፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ወርዶ መግፋት ጀመረ። በቁጥቋጦው መካከል የአባቱ ቤት ይታያል፤ በራፉ ላይ ነጭ ጋቢ ተቀምጧል።

«ተበላሸ?» አለ ወልደዮሐንስ እየጮኸ።

«አጥፋው፣ አጥፋው። ሰው ታሟል።»

«ማን?»

«ዝም ብለህ ግፋ።»

ወልደዮሐንስ የማያውቀውን በሽተኛ አክብሮ ገፋ። አንገቱን ቀብሮ፣ የአባቱን ደጅ እንደ ሌባ ሲያልፍ፣ ነመራ ጋቢው ቀና ያለ መሰለው። ሞተሩን ያስነሣው ቤቱ ከዓይን ከጠፋ፣ ከዚያም ብዙ ርቀው ከሄዱ በኋላ ነው። መንገዱን ሁሉ የሚለማመደው አንድ ነገር ነበር፤ ፈረሱን እንዴት መልሶ እንደሚጠይቅ።

የጊምቢው ሜዳ በእርግጥም የተወራለት ነበር። ሣሩ አጭር ነው፣ መሬቱ እግር አይዝም፣ መታጠፊያው ሰፊና ለጥ ያለ። ወልደዮሐንስ ገና ሳያርፍ አንድ ጊዜ ዞረው፣ እየሳቀ ተመለሰ። «ይህን ነው ስትከለክለኝ የነበርከው? እግዜር ይይልህ። በል ተሰለፍ።»

ነመራ ተሰለፈ። ሞተሩ ከሥሩ ሲንቀጠቀጥ ያ የድሮ ደስታ መጣበት፣ ለአንድ አፍታ ሁሉንም ረሳ። ወልደዮሐንስን ጥሎት ወደ ሜዳው ጫፍ ሲደርስ፣ በዳሩ ባለው መንገድ የቡና ጭነት ተደርድሮ ወደ ከተማ ሲገባ አየ። በቅሎዎች፣ አህዮች፣ በኋላ አንድ ፈረስ። ፈረሱ ቡላ ነው። ጆንያ ግራና ቀኝ ተጭኖበታል፣ አንገቱን ደፍቷል።

ነመራ ሞተሩን ጥሎ ወረደ። ወለጋ ውስጥ የጉግስ ፈረስ አይጫንም፤ ይህን ሕፃን ያውቃል። ቡሎ አፍንጫውን ወደ ብብቱ አስገብቶ አሸተተው። ቢነክሰው ይሻለው ነበር። ጆንያውን ከፍ አድርጎ ሥሩን ቢያይ ጀርባው ተልጧል፣ ቁስሉ ላይ ዝንብ አለ። የአባቱ ፈረስ ገጣባ ሆኗል።

አቶ ታፋ ከኋላ በበቅሎ ሆኖ ደረሰ። ነመራን ሲያይ ፈገግ አለ።

«ልብስ ሰፊው። ሞተሩ ይሄዳል?»

«ፈረሱን አስጫንከው።»

«ታዲያ ምን ላድርገው፣ ልዘምርለት? ቡና አለኝ፣ እሱ ጀርባ አለው።»

«እንደምትጋልበው መስሎኝ ነበር።»

«ይህን ሆዴን ይዤ?» ታፋ ሆዱን መታ አደረገ። «ደግሞስ አይጫንም ብለህ ነግረኸኛል? አልነገርከኝም።»

አልነገረውም። ያን ቀን ገበያ ላይ፣ አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ ታፋ ሐሳቡን እንዳይለውጥ ፈርቶ ዋጣት።

«መልስልኝ። ሞተሩን ውሰድ» አለ ነመራ።

ታፋ ገጣባውን ፈረስ አየ፣ ሣር ላይ የወደቀውን ሞተር አየ። ሞኝ አልነበረም። «አማቼ ሞተር ሞተር ሲል ነበር» አለና ወርዶ ጆንያውን ራሱ አወረደ።

ወልደዮሐንስ ይህን ጊዜ ደርሶ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ነገሩ ሲገባው ቆቡን አወለቀ።

«ለዚህ ነው ያን ደጅ ገፍተን ያለፍነው?»

«ለዚህ ነው።»

«ታዲያ እኔ ይህን የመሰለ ሜዳ አግኝቼ፣ ከማን ጋር ልሽቀዳደም?»

«የታፋ አማች አለልህ።»

«አንተን ነበር የለመድኩት» አለ ወልደዮሐንስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ።

ነመራ ቡሎን ልጓሙን ይዞ በእግሩ ተመለሰ። ሊቀመጥበት አይችልም። ፈረሱ ሲቆም ይቆማል፣ ሲግጥ ይጠብቃል፣ ማታ ማታ ከመንገደኛ ጋር ያድራል። በሞተር እንደ ሕልም ያለፈው መንገድ አሁን በእያንዳንዱ ጠጠሩ ታወቀው። ዴዴሳ ወንዝ ላይ ቁስሉን አጠበለት፣ ነጠላውን ቀድዶ፣ ከኪሱ በማይጠፋው መርፌ ሰፍቶ ሸፈነለት። ስፌቱ አምሮ ወጣ፤ ማማሩን ባየ ቁጥር ግን ያፍርበት ጀመር።

የመስቀል ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ዲጋ ገባ። አባ ቡሎ በራፉ ላይ ነበሩ። ኮቴውን ሰምተው ቀና አሉ፣ ፊታቸው ሁሉ ፈካ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አመጣህልኝ?»

«አመጣሁ፣ አባባ።»

ፈረሱን አስጠጋላቸው። እጃቸውን አንሥተው ከግንባሩ ጀመሩ፤ ጆሮውን፣ ጋማውን፣ አንገቱን። ከዚያ እጃቸው ወደ ጎድኑ ሄደ፤ አጥንት በአጥንት ላይ ነው። ወደ ጀርባው ወጣ፣ ጨርቁ ላይ ደረሰ፣ ጨርቁን ገለጠ፣ ቆመ።

«ኮርቻ እንዲህ አያቆስልም» አሉ።

ነመራ መሬት መሬቱን አየ። ድርቤ ከኋላ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

አባ ቡሎ ማን ጫነው አላሉም። እጃቸውን እዚያው የፈረሱ ጎን ላይ እንዳደረጉ «ድርቤ ስትወስድልህ የከረመችው ገብስስ?» አሉ። «ማን በላው?»

ነመራ ሌላውን ሁሉ ለመመለስ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሞተሩን፣ ታፋን፣ ሰኮናውን። ይህን ግን አላሰበውም።

«እኔ» አለ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አንድ የሚያስቸግር ነገር የተፈታላቸው ይመስል። «ድርቤ፣ ለቁስሉ የቆየ ቅቤ አምጪ። ነገ እሱ ላይ አልቀመጥም።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ገብሱን የበላ ይሸከመኛል።»

በማግስቱ ልብስ ሰፊው ነመራ አባቱን በጀርባው አዝሎ ወደ ጉግሱ ሜዳ ወጣ። ድርቤ ቡሎን ያለ ኮርቻ ከጎናቸው ትስባለች። አባ ቡሎ ቀላል መስለውት ነበር፤ አልነበሩም። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ «አባ ቡሎ፣ እንኳን አደረሰዎ» ይላል፣ ማንም ለምን በሰው ጀርባ እንደታዘሉ አይጠይቅም፣ ሁሉም ግን ያያል። ነመራ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ ሊጠርገው እጅ ሳይኖረው፣ ለሰላምታው ራሱን ዝቅ ያደርጋል።

ከሜዳው ዳር ደርሰው ቆሙ። ፈረሰኞቹ ተሰልፈዋል። ቡሎ ጆሮውን አቆመ። ፈረሰኞቹ ሲነሡ፣ ነመራ ሁለት የደከሙ ጉልበቶች ጎኑን ጨበጥ ሲያደርጉት ተሰማው፤ ፈረስ ለማስነሣት እንደሚደረገው። አባቱ አውቀው ያድርጉት፣ ልምድ ያስደርጋቸው፣ አላወቀም። መጠየቅም አልደፈረም። ጭነቱን አስተካከለና፣ ሰው እያየው፣ ወደ ሜዳው ሮጠ።