የፎቶ ቤቱ ነጭ ጋዋን

ፒያሳ ፎቶ ቤት የተቀጠርኩ ዕለት ካሜራ ለመንካት ስቋምጥ፣ አሠሪዬ ጋሽ ይርጋ የቆሸሸ ነጭ ጋዋን ወረወሩልኝ። «መጀመሪያ ይኼን እጠብ። እንጀራችን ካሜራው አይደለም፣ ይኼ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ ሁሉ ከመሄዱ በፊት ቤተሰቡ እኛ ዘንድ ያመጣዋል። መጋረጃው ጀርባ ገብቶ የሐኪም ጋዋን ወይም የመሐንዲስ ቆብ አድርጎ ይወጣል። ልጁ ምን እንደሚማር ገና አያውቅም፤ ፎቶው ግን ያውቃል።

ፎቶ ቤቱ የእኔ ከሆነ በኋላ አንድ ክረምት አያ ሞላ የሚባሉ ገበሬ ልጃቸውን ብርቱካንን ይዘው ከከተማችን አጠገብ ካለችው ኮላ ድባ መጡ። «ሐኪም አድርጋት» አሉኝ። የልብ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ ሳንጠለጥል ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ደም ሳይ እወድቃለሁ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ፎቶ ላይ ደም የለም» ብዬ አነሣኋት።

በሳምንቱ ብቻዋን ተመልሳ መጣች። ፎቶው ሳሎን ከተሰቀለ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ ወገቡን ይዞ ደጃቸው ይሰለፋል አሉ። አንዷ ሴትዮማ የከሳች ላሟን እየጎተተች መጥታ «ዶክተሯ ትይልኝ» ብላለች።

«ዩኒቨርሲቲም መግባት እችላለሁ፤ አባባ ግን ጤና ኮሌጅ ካልገባሽ ብሏል። እዚያ ደግሞ ከጤና ሌላ ትምህርት የለም። ቢያቅተኝ ወዴት እሄዳለሁ? አንተ ንገርልኝ፣ አንተን ይሰማሃል» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ወይ ጉድ! እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ፣ ምን አገባኝ? ግን አንጀቴን በላችው። አባቷን ደውዬ አስጠራኋቸው።

«አያ ሞላ፣ እኔ ዘንድ ነጭ ጋዋን ብቻ ቢኖርና ለልጅዎ ባይሆናት ምን ያደርጉ ነበር?»

«ምነው፣ ሌላ ፎቶ ቤት እወስዳታለኋ!»

«ኮሌጁ እንደዚያ ነው። ካልሆናት ወጥታ እንደገና ትጀምራለች። ዩኒቨርሲቲው ግን ሕክምናም አለው፣ ሌላም አለው። ሐሳቧን ብትቀይር እዚያው ትቀይራለች።»

መጋረጃውን ገልጠው የተሰቀለውን ልብስ አንድ በአንድ አዩ። «ስንት ጊዜ ትቀይራለች?» አሉ።

«እንጃ።»

«የእኔ ግድግዳ እንደሁ አንድ ነው» ብለው ተከዙ። በመጨረሻ «ሸጋ፣ ዩኒቨርሲቲው ይሁን» አሉ።

ገባች። ምህንድስና ስትመርጥ አያ ሞላ ፎቶው ይቀየር ብለው ይዘዋት መጡ፤ ቆብ ደፋሁላት። አሁን ደግሞ ቤቱ የዘመመበት ሁሉ ይመጣባቸው ጀመር። በዓመቱ ምህንድስናውን ትታ ስታቲስቲክስ ገባች። እንደገና መጡ።

ጨነቀኝ። ለስታቲስቲክስ የሚለበስ ነገር ፎቶ ቤቱ የለውም። «አያ ሞላ፣ ምን ላድርግላት?» አልኳቸው።

ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። ያኔ አመድ መስሎ የነበረው ፊቷ ሞልቷል።

«ምንም አትጨምርባት። ልጄን ብቻ አንሣልኝ» አሉ።

ብርቱካን ሳቀች፤ በሳቋ አነሣኋት። ያ ፎቶ ከተሰቀለ ወዲህ ደጃቸው ላም አልመጣም።

ኮሌጅ የምትመርጡ ልጆች፣ ሐሳባችሁ ቢለወጥ ሳትወጡ የምትቀይሩበትን ምረጡ።