ኅዳር ጽዮን በአላባማ

ጄኔቭ አጠገብ ላንሲ ውስጥ ከአንዲት አሜሪካዊት ባልቴት ቤት አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ማዳም ነበር የምላቸው። የተወለዱት አላባማ ነው፤ ወደ ጄኔቭ ያመጣቸው የባላቸው ሥራ ሲሆን፣ ባልም ሞቶ ሥራውም አልቆ እሳቸው ቀሩ። ዘመዶቻቸው በየዓመቱ በየቀኑ የሚቀደድ የቀን መቁጠሪያ ይልኩላቸዋል። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ በዚያ ቀን አላባማ ውስጥ ምን እንደተደረገ ተጽፏል፦ አገረ ገዥ ተሾመ፣ ወንዝ ሞላ፣ ይኼ ኮሌጅ ያንን ኮሌጅ በኳስ አሸነፈ። አገሩ ያን ሁሉ ጉድ አይቶ ኳሱን በትልቁ መጻፉ ያስቀኝ ነበር።

ጠዋት ቁርስ ላይ ወረቀቱን ቀድጄ አነብላቸዋለሁ። መርሳት ጀምረው ስለነበር፣ ቀኑ እንዳይጠፋቸው የራሴንም እጨምርበታለሁ፦ «ዛሬ ሚካኤል ነው»፣ «ዛሬ ገብርኤል ነው»። እናቴ ቤት ቀን የሚታወቀው እንደዚያ ነው፤ በቁጥር ሲነግሯችሁ የሚያመልጥ ቀን በስሙ ሲጠሩት ይያዛል። ማዳምም ያዙት። ከስድስት ወር በኋላ እንዲያውም እሳቸው ያስታውሱኝ ጀመር። መምህር ወጣኝ ብዬ ኮራሁ።

መዘዙ የመጣው ከዙሪክ ነው። እዚያ የሚኖረው አንድ ልጃቸው ሠፈሩ ካለ የአረጋውያን ማረፊያ ሊያስገባቸው ቆርጧል። ማዳም ደግሞ ከቤቴ የምወጣው በሬሳ ሣጥን ነው ብለዋል። ዳኛው ሐኪም ሆነ፤ ፈተናውን ካለፉ ቤታቸው ይቆያሉ፣ ከወደቁ ማረፊያው ይገባሉ። የእኔም እንጀራ አብሮ ይፈተናል ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ሥራ ይገኛል፤ የፈራሁት እሳቸውን ማጣት ነበር።

ቀጠሮው ዲሴምበር አንድ ሆነ። ወደ ዙሪክ ስንሄድ ባቡር ውስጥ ወረቀቱን አነበብኩላቸው። ኳሱ በትልቁ፤ ከሥሩ በትንሹ፣ ሞንትጎመሪ ከተማ አንዲት ጥቁር ሴት አውቶቡስ ውስጥ ለነጭ ተሳፋሪ ከወንበሬ አልነሣም ብላ የታሰረችበት ቀን መሆኑ ተጽፏል።

«ልጅ ነበርኩ» አሉ ማዳም። «ከዚያ በኋላ ጥቁሯ ሠራተኛችን አውቶቡስ አልሳፈርም አለች። እናቴ በመኪና ታመላልሳት ነበር።»

እናታቸውን ላመሰግን አፌን ስከፍት፣ «ምሳ እንዳይዘገይ ነው» ብለው አቋረጡኝ።

ያን ዓመት ኅዳር ጽዮንም የዋለችው በዚሁ ቀን ነበርና፣ እሱንም እንደልማዴ ነገርኳቸው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጨዋ። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አላቸው።

ማዳም ፈገግ አሉ። «ጽዮን ናት።»

«ማን ናት?»

«ማርያም። ትልቅ በዓል ነው። ደግሞም ሴትዮዋ ከወንበሬ አልነሣም ያለችበት ቀን ነው።»

ሐኪሙ ጻፈ። ልጃቸው እኔን አየኝ።

«ልክ ናቸው!» ብዬ ጮህኩ። «ሁለቱም ልክ ነው! ኅዳር ሃያ አንድ ነው፤ ካላመናችሁ ቤተ ክርስቲያን ይጠየቅ!»

ሐኪሙ እኔንም ሊመረምረኝ የፈለገ ይመስል ዓይኑን አሳረፈብኝ። ከአነጋገር ይፈረዳል እንዲሉ፣ ተፈረደብን። ስንት ምእመን የሚያከብራት ቀን ዙሪክ ላይ ዜሮ አገኘች።

«ማረፊያው ቅርብ ነው፤ አሁኑኑ አይተነው እንምጣ» አለ ልጃቸው፣ ካፖርታቸውን አንሥቶ።

ማዳም የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ጨመቁ። «አልነሣም።»

«እማዬ፣ እባክሽ።»

«አልነሣም አልኩ። ዛሬ አይነሣም።»

ያች ጥቁር ሴት ተነሺ የተባለችው ለእሳቸው ዓይነት ነጭ ወንበር እንድትለቅ መሆኑ ትዝ አለኝ። ልጃቸው ወደ እኔ ዞሮ በጨዋ ፈረንሳይኛ፣ «አስነሻት» አለኝ።

ሥራዬ ነው። በቀን አሥር ጊዜ አነሣቸዋለሁ። ብብታቸው እንዴት እንደሚያዝ፣ የትኛው ጉልበታቸው እንደሚያማቸው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ግድግዳው ሥር ሌላ ወንበር ነበር። ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።