አልታይ ያለችው ማሽን

«2002 ዓ.ም. ነበር» ብሎ ጀመረ እንድሪስ። «ቆይ፣ 2003 ይሆን እንዴ? ከፋሲካ በኋላ መሆኑን አልስተውም። ዓመቱ ግን... የለም፣ 2002 ነው። መሆን አለበት።»

ይህን ያለኝ ወሎ ሰፈር አብረን ታክሲ ስንጠብቅ ነው። የሆቴሎችን ኔትወርክ እየዞረ ይጠግናል፤ የመሣሪያ ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ያዛውራል፣ ስልኩን ያያል፣ መንገዱን ያያል። እግሩ አንድ ቦታ አይረጋም። ያኔም እንዲሁ ነበር።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ከጓደኛው ከሂካ ጋር ጉርድ ሾላ ላይ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ጌም ቤት ከፍተዋል። ስድስት ኮምፒውተር በገመድ ተያይዘዋል፤ ጠረጴዛው ከግንባታ የተረፈ ጣውላ ነው፤ ሲሚንቶው አሁንም ክንድ ይፍቃል። ክፍሏ የሂካ አባት የአቶ ሆርዶፋ ናት። አባባ ሆርዶፋ የካ አባዶ ላይ ጤፍና ሽንብራ ሲያርሱ ኖረው፣ መሬቱ ለኮንዶሚኒየም ሲፈለግ ወደዚህ የመጡ ሰው ናቸው። ድሮ ደቦ ጠርተው ያሳጭዷቸው የነበሩ ጎረቤቶች ዛሬ የት የት እንደገቡ እንኳ አያውቁም።

በዚያ ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ ቤት ይሠራል። ሱሌማን የሚባል ነጋዴ ክፍሏን ለሴራሚክ መሸጫ ፈልጓት ይመላለሳል። ቅዳሜ ዕለት አባባ ሆርዶፋ በር አጠገብ ባለችው ማሽን ፊት ቁጭ አሉና ልጆቹን ጠሩ።

«ስሙኝ። እኔ ሰው ለየብቻው ግድግዳ ላይ ሲያፈጥ የሚውልበት ቤት አልሰጥም። እናንተ ሰው ያገናኛል ትላላችሁ። ነገ መጥቼ አያለሁ። ካገናኘ ክፍሉ የእናንተ ነው። ካላገናኘ ለሱሌማን ቁልፉን እሰጠዋለሁ።»

«ነገማ የወሎ ሰፈር ልጆች ለግጥሚያ ይመጣሉ፣ አባባ» አለ እንድሪስ። «ራስዎ ያዩታል።»

እሁድ ጠዋት ግን ነገር ተበላሸ። ጨዋታው በአንዱ ማሽን ይከፈታል፤ ሌሎቹ ፈልገው ያገኙትና ይገቡበታል። የሚከፈተው ሁልጊዜ በር አጠገብ ባለችው፣ ከሁሉ ፈጣን በሆነችው ነው። እንድሪስ ከፈተ። በአምስቱ ማሽኖች ፈለገ። ባዶ። እንደገና ፈለገ። ባዶ።

ገመዱን ነቅሎ ሰካ። በሌላ ገመድ ለወጠው። ገመዶቹ ሁሉ የሚገናኙባትን ስዊች አጥፍቶ አበራ። የየማሽኑን አድራሻ ቁጥር አንድ በአንድ አየ፤ የተጋጨ የለም። ከሌሎቹ ሆኖ በር አጠገብ ያለችውን ቢጠራት አልመልስ አለች። ጠረጴዛ ሥር ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። የማሽኗ ስክሪን ጥግ ላይ ያለችውን ሰዓት ባየ ቁጥር ላቡ ይመጣል፤ አራት ሰዓት ተኩል፣ አምስት ሰዓት፣ አምስት ተኩል።

«በሌላኛው ማሽን ክፈተዋ!» አለ ሂካ።

«ከፍቼ ነበር። አምስቱ ይገናኛሉ፣ ይቺ ብቻ ትቀራለች። ሦስት ለሦስት የሚገጥመው ሰው አምስት ሆኖ ምን ይሆናል?»

«እኔ ምን አውቅልህ? ኔትወርክ የተማርከው አንተ!»

የወሎ ሰፈሮቹ ቀድመው ደረሱ። አለቃቸው ማሞ ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ጉርድ ሾላዎች፣ እናንተ ጋ በገመድ ነው የምትጫወቱት በስለት?»

«ትንሽ ታገስ፣ ማሚዬ።»

«እኔማ እታገሳለሁ። መብራቱ ነው የማይታገስህ።»

ሳቅ ሆነ። በሳቁ መሃል አባባ ሆርዶፋ ጋቢያቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆሙ። የሂካ ፊት አመድ መሰለ።

እንድሪስ ለመጨረሻ ጊዜ በር አጠገብ ባለችው ማሽን ፊት ተደፋ። ከታች፣ ጥጓ ላይ፣ ጠዋት ሙሉ ሲዘጋት የዋለች የጸረ ቫይረሱ ቀይ መስኮት ብቅ አለች። አሁን ገና አነበባት፤ የፈቃዱ ዘመን ገና አልጀመረም ትላለች። ጸረ ቫይረሱ ፈቃድ ስለሌለው ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ፣ አምስቱን ማሽኖች ጭምር፣ ዘግቷል። ገና አልጀመረም? ሰዓቷን አየ። ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ። ልክ ነው። ቀኑን ከፈተ። 2002። እሱም ልክ ነው።

ልክ በመሆኑ ነው ጠዋት ሙሉ ያላየው። ማሽኗ ማሳየት የነበረባት የፈረንጆቹን ሰዓትና ዓመት ነው፤ 2010ን። ከሁለት ሳምንት በፊት አባባ ሆርዶፋ «ሰዓቱም ዓመቱም የተሳሳተ ዕቃ ነው ሥራ የምትሉት?» ብለው ሲስቁ፣ ሂካ የት እየተነካ እንደሚስተካከል እያጫወተ አሳይቷቸው ነበር። ትናንት ደግሞ እዚችው ወንበር ላይ ብቻቸውን ቆይተዋል። ለነገው እንግዳ ቤቱን ያሰናዱ መስሏቸው ሰዓቱንም ዓመቱንም ወደ ሀገሩ አስተካክለውታል።

እንድሪስ ወደ ፈረንጆቹ መለሰው። ማሽኗን አጥፍቶ አበራት። ጨዋታውን ከፈተ።

«ታየች!» አለ ማሞ ከወዲያ ማዶ። «ታየች፣ ታየች!»

«ምን ሆና ነው?» አለ ሂካ።

አባትየው ከሂካ ጀርባ ቆመው እንድሪስን ያያሉ።

«ገመዱ ነው» አለ እንድሪስ። «ላልቶ ነበር።»

«ስንቴ የቀየርከው ገመድ? ዓይንህን የት ጥለኸው ነው አንተ!»

«ባለሙያ!» አለ ማሞ። እንድሪስ ዋጠው።

ጨዋታው ተጀመረ። አባባ ሆርዶፋ ከሂካ ጀርባ ወደ ማሞ ጀርባ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሄዱ።

«ይሄ የሚሮጠው የኔ ልጅ አይደለም?»

«እሱ ነው፣ አባባ» አለ ማሞ። «አሁን ልገድለው ነው።»

«እዚህም ይታያል?»

«በስድስቱም ይታያል።»

ሽማግሌው ቆመው ቀሩ። ከዚያ በድንገት «ሂካ፣ ከኋላህ!» ብለው በኦሮምኛ ጮኹ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እስኪያልቅ አልተቀመጡም።

ሁሉም ሲበተን በር አጠገብ ወዳለችው ማሽን ጎንበስ አሉ። ሰዓቷን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩዋት። ቀና ሲሉ ከእንድሪስ ጋር ዓይን ለዓይን ገጠሙ።

«ገመዱ ነው አልክ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ገመድ» አሉና ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ወጡ።

በማግስቱ ሱሌማን ሲመጣ «ክፍሉ ሰው አለበት» ብለው ከበር መለሱት። ከዚያች ማሽን በላይ ደግሞ የሀገር ካላንደር በምስማር ተመቶ ተገኘ። ማን እንደሰቀለው ማንም አልጠየቀም። ከዚያ በኋላ ማሽን በተበላሸ ቁጥር ሂካ ገመዱን ነበር የሚያስቀይረው፤ እንድሪስም ዝም ብሎ ይቀይር ነበር።

እንድሪስ እዚህ ላይ ሳቀ፤ ቦርሳውን አዛወረ። ሂካስ፣ ዛሬም ገመድ ነው የሚመስለው? ጥያቄው አፌ ላይ እያለ ወያላው «መገናኛ! አንድ ሰው! መገናኛ!» አለ። እንድሪስ ሮጦ ገባ፤ በሩ ሳይዘጋ ታክሲው ሄደ።