ምድጃው ገና አልጋለም

በጎንደር ፒያሳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ስምንት ጠረጴዛ ብቻ ያላት አንዲት የጣሊያን ምግብ ቤት ነበረች። ባለቤቱ ጦርነቱ ሲያልቅ አገሬ አልገባም ብሎ የቀረ ጣሊያናዊ ግንበኛ ነው። የአዘዞ ሴት አግብቶ፣ ምድጃውን በገዛ እጁ በጡብ ገንብቶ፣ ፒዛ ይጋግር ነበር። ወተት ከኮሶዬ ይመጣለታል፤ ፎርማጆውን የሚሠራው ራሱ ነው። የከተማው ሰው “ወጡ የፈሰሰበት ዳቦ” እያለ ያሾፍበት ነበር። እኔ ግን ጠርዙ ጠቆር ብሎ፣ መሐሉ እየተንተከተከ ከዚያ ምድጃ የሚወጣውን ነገር የሚያህል እስከ ዛሬ አልቀመስሁም። ሰውየው ሊጡን በሁለት ቡጢው ላይ አድርጎ ሲያዞረው ለማየት ብቻ ወጥ ቤቱ በር ላይ የምቆምበት ቀን ነበር።

ያኔ በጠቅላይ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ትውልዴ ጎጃም ነው፤ አባትና እናቴን በልጅነቴ ቀብሬ፣ አዲስ አበባ ተምሬ፣ ሥራ ተብዬ ጎንደር የተላክሁ ዘመድ አልባ ነበርሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከረባቴን አስሬ እዚያች ቤት እቀመጣለሁ። ፒዛውን በሹካና በቢላዋ እየቆራረጥሁ፣ የተማረ ሰው እንዲህ ነው የሚበላ ለማለት ግራ ቀኝ አያለሁ። ባለቤቱ ታዲያ አይምረኝም። “ምነው፣ እጅ የለህም?” ይለኛል ጠረጴዛዬን ሲያልፍ። ልታይ ልታይ ማለት መጥፎ በሽታ ነው፤ በተለይ በሃያ ስድስት ዓመት።

በዚያው ጊዜ አንዲት የስፌት አስተማሪ ወደድሁ። አባቷ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ናቸው፤ አምስቱን የወረራ ዓመት ወገራ ጫካ ውስጥ ሲዋጉ የከረሙ ኩሩ ሽማግሌ። ሦስት ሽማግሎች ላክሁ። በእኛ አገር ጋብቻ ያለ ዋስ አይታሰርም፤ ነገ ባልና ሚስት ቢጣሉ የሚጠየቅ፣ ባልየው ቢያጠፋ የሚያዝ ሰው ያስፈልጋል። አባትየው መጀመሪያ የጠየቁት ይህንኑ ነው። እኔ ደግሞ በጎንደር ምድር ዋስ የሚሆነኝ ሰው አልነበረኝም። ሽማግሎቹ ብዙ ከለመኑ በኋላ፣ “እንግዲያው አላውቀውምና ከገበታ ላይ ልየው፤ ሰኞ ለመሬት ክርክሬ ችሎት አለኝ፣ ያኔ ምሳ ያብላኝ” አሉ። ነገሩ በዚያች ምሳ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ልጅቱ ከጥምቀት ጀምሮ እናቷ ዘንድ ሆና መልሱን ትጠብቃለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ጎረቤት ለምኖ ዶሮ ያሠራ ነበር። እኔ ግን ጣሊያን ቤት ልጋብዛቸው አልሁ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ አበድህ ወይ ሲሉ ሰነበቱ። የልጅቱ አባት መልስ ግን አስደነቀኝ፤ “ጣሊያን ሲተኩስ እንጂ ሲጋግር አላየሁም፤ እመጣለሁ” ብለው ላኩብኝ።

ቅዳሜ ለባለቤቱ ነገርሁት። ሰኞ በስድስት ሰዓት ትልቅ እንግዳ አለኝ፣ ፎርማጆው እንዳይቆጠብ አልሁት።

“ሰኞ?” አለኝ።

አዎ አልሁ። ዱቄት የነካ እጁን እያሻሸ ትኩር ብሎ አየኝና “ሰኞ?” ብሎ ደገመ። ጆሮው ደክሟል ብዬ ጮክ ብዬ ነገርሁት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድሁም፤ ቀኑን ሙሉ ሱሪዬን ስተኩስ ዋልሁ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሻይ በወተት ጠጥቼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ወጣሁ።

ሽማግሌው ከችሎት በቀጥታ መጡ። ጋቢያቸው እንደ ወረቀት የነጣ፣ ዱላቸው ከእጃቸው የማይለይ። እሱን ከጎናቸው አስደግፈው፣ ግድግዳ ወደኋላ አድርገው ተቀመጡ። ባለቤቱ ሽርጡን እንዳደረገ መጥቶ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና፣ “አያ፣ እንዴት ዋሉ?” አላቸው። ከእግር እስከ ራሱ አዩት። እግዚአብሔር ይመስገን አሉት።

“ምድጃው ገና አልጋለም” አለ ባለቤቱ። “እንጨቱ እርጥብ ሆነብኝ፤ ትንሽ ይታገሡኝ።”

በበጋ እርጥብ እንጨት! ደሜ ፈላ። ግን እንግዳ ፊት ምን ይባላል፤ ጥርሴን ነክሼ ሳቅሁ። ሽማግሌው ስለ ክርክራቸው ያወጋሉ፣ እኔ አዎ አዎ እላለሁ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ወጥ ቤት ዘልቄ ምን ሆንህ አልሁት፤ “ምድጃው አልጋለም” አለኝ። ለሽማግሌው ውኃ ባቀርብላቸው ደኅና ነኝ ብለው በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ተቀየሙኝ ብዬ ሠጋሁ። ስምንት ሰዓት ሲሆን እንደገና ገባሁ። መልሱ ያው ነው።

ዘጠኝ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሦስተኛ ተነሣሁ። በዚህኛው እውነቱን አየሁ፤ ምድጃው ፍም ሆኖ ቀልቷል፣ ሊጡ ተድቦልቡሎ ተደርድሯል፣ ደረቅ የባሕር ዛፍ ፍልጥ እስከ ጣሪያው ተከምሯል። ያን ጊዜ አፌ ያመጣውን ሁሉ ተናገርሁ። ትዳሬን ልታፈርስ ነው፣ ሰው መስለኸኝ ነበር አልሁት። ሚስቱ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቢላዋዋን አስቀምጣ ቀና አለች።

“አንተ ልጅ” አለችኝ፣ “ዛሬ ነነዌ መግባቱን አታውቅምን?”

ጾመ ነነዌ ሦስት ቀን ነው፤ ቅቤ፣ ወተት፣ ሥጋ አይነካበትም፤ ቅዳሴ ወጥቶ ዘጠኝ ሰዓት ካልሆነም ውኃ እንኳ ወደ አፍ አይገባም። ሽማግሌው ምሳ ያሉት የጾም ምሳ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ የወገራን ጿሚ በስድስት ሰዓት ጠርቼ ፎርማጆ እንዳይቆጠብ አዝዣለሁ።

ባለቤቱ አልተቆጣም። “ሹካ የምትወድ ሰው ነህና ጾሙን የተውኸው መሰለኝ” አለ። “የአንተስ የራስህ ጉዳይ ነው። ሽማግሌው ግን ምን በደሉ? ቢበሉ ጾማቸው ይፈርሳል፣ እምቢ ቢሉ አንተን ያዋርዱሃል። ስለዚህ ምድጃው አልጋለም።”

በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት ያፈርሁበት ቀን የለም። ሰውየውንም እንደዚያን ዕለት አድንቄው አላውቅም።

ተመልሼ ስቀመጥ ሰዓቱ ደርሶ ነበር። ፒዛው መጣ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የተሰነጠቀ ቃሪያ፣ ላዩ ላይ ዘይት ጠብ ጠብ ተደርጎበታል፤ ከወተት የተወለደ ነገር ግን የለበትም። ባለቤቱ ጠረጴዛው ላይ አኑሮት፣ “ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አያ” አለ። “እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዳላቀርብ፣ ፎርማጆም እንዳልነካ ያዘዘኝ ይህ ልጅ ነው።”

ሽማግሌው አማትበው፣ በሹክሹክታ ጸልየው፣ በእጃቸው ቆረሱ። እኔም ሹካዬን ትቼ በእጄ ቆረስሁ። ቀስ ብለው አኘኩ። ሁለተኛ ቆረሱ። “ሸጋ ነው” አሉ። ከዚያም ወደ እኔ ዞር ብለው ጾም የሚያከብር የተማረ ልጅ ማግኘት በዚህ ዘመን ጭንቅ መሆኑን ነገሩኝ።

የቆረስሁትን መልሼ አኖርሁት። ዝም ብል ልጅቱ የእኔ ናት። ማንም አያውቅም፤ የሚያውቀውም ሰው ዋሽቶልኛል። ግን የሽማግሌውን ዓይን ሳይ ዝምታው አላስችል አለኝ።

“አያ” አልሁ፣ “እኔ አላዘዝሁም። ነነዌ መሆኑን ረስቼ ነበር። ጠዋት ወተት ጠጥቻለሁ።”

ማላመጣቸውን አላቋረጡም። “አውቃለሁ” አሉ። “ሦስት ጊዜ ተነሥተህ ስትቆጣ ሰማሁህ። ይዘግይ ብሎ ያዘዘ ሰው ዘገየ ብሎ አይቆጣም።”

በቃ፣ አለቀ ብዬ ራሴን ደፋሁ። ጣታቸውን በጨርቁ ጠርገው ባለቤቱን ጠሩት፤ መጥቶ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። እኔን ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቀኝ ጠየቁት። ሁለት ዓመት አለ። ጠባዩስ? አሉት። ቁጡ መሆኔን፣ ሹካ መውደዴን አንድም ሳያስቀር ነገራቸው።

“አንተ ግን ዋሸኸኝ” አሉት።

“ዋሸሁ፣ አያ።”

“ስለማን ብለህ?”

ባለቤቱ ወደ እኔ አየ። ሽማግሌው ዱላቸውን ከግድግዳው አንሥተው፣ ጫፉን ወደ ግንበኛው ደረት አመለከቱና ለእኔ እንዲህ አሉኝ፦

“ዋስ የለኝም ብለህ ልከህብኝ አልነበር? ይኸው ዋስህ።”

ግንበኛው በጎንደር ኖሮ የዋስን ትርጉም አሳምሮ ያውቅ ነበር። ፊቱ ከምድጃው ይልቅ ቀላ። ተነሥቶ ሽርጡን ፈታ፣ በእጁ ጠቅልሎ ያዘው፣ “እሺ፣ አያ” አለ። ከወጥ ቤቱ በር ሚስቱ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ጾም መሆኑ ትዝ ሲላት ሽንኩርት በሸተተ መዳፏ አፈነችው።